ከሽቦ መኪና እስከ ዲንኪ ቶይስ፤ የፍራንክ ሆርንቢ የሕይወት ታሪክ

ከጐንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው በየመንደሩ ዳር አንድ ነገር ሳያይ አያልፍም፤ ይኸውም ሕፃናት በገዛ እጃቸው የሠሩት የሽቦ መኪና ነው። አካሉ ከሽቦ ይጠመዘዛል፤ ጎማው ካረጀ ነጠላ ጫማ ይቆረጣል ወይም ከጠርሙስ ክዳን ይበጃል፤ ቆሞ ለመንዳት እንዲመችም ረጅም መሪ ይደረግለታል። ልጁ መሪውን ይዞ በአፉ የሞተር ድምፅ እያሰማ ሲሮጥ ያየ ሁሉ ፈገግ ይላል፤ ነገር ግን ይህን የመሰለ መጫወቻ ታሪክ ይኖረዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው።

እኛም ብንሆን ያሰብንበት በአጋጣሚ ነው። ባለፈው ዓመት በጥምቀት ሰሞን፤ የዳባት ተወላጅ የሆነና ኑሮውን በውጭ አገር ያደረገ አንድ ወዳጃችን ወላጆቹን ለመጠየቅ ሲመጣ አብረነው ሄደን ነበር። ይህ ወዳጃችን አንድ ልዩ ልማድ አለው፤ የድሮ የፕላስቲክ መኪና መገጣጠሚያዎችን ይሰበስባል። ነገሩን ለማያውቁት አንባብያን ባጭሩ ለማስረዳት ያህል፤ መገጣጠሚያ የሚባለው የእውነተኛው መኪና ክፍሎች በጣም አንሰው በፕላስቲክ ተሠርተው፤ ሳይገጣጠሙ በካርቶን ሣጥን የሚሸጡበት ነው። ክፍሎቹ ፍሬ በቅርንጫፍ ላይ እንደሚንጠለጠል በቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደ ተያያዙ ይወጣሉ፤ ገዢው አንድ በአንድ እየቆረጠ በማጣበቂያ ይገጥማቸዋል፤ ቀለምም ይቀባቸዋል። ልኩ በዘፈቀደ የተወሰነ አይደለም። ከ32 አንድ የተባለ እንደ ሆነ፤ 4 ሜትር ርዝመት ያለው መኪና 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ ይሠራል ማለት ነው።

ወዳጃችን ሲመጣ በመንገዱ ገዝቶ በሻንጣው የያዘው ሣጥን፤ ኤርፊክስ የተባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ማውጣት የጀመረው የ1911 ሮልስ ሮይስ መገጣጠሚያ ነበር። ሣጥኑ ከወዳጃችን ዕድሜ ይበልጣል፤ እስካሁንም አንዲት ክፍል አልተቆረጠችበትም። በዳባት መኪና መቆሚያ አጠገብ አውጥቶ ሲያሳየን የሽቦ መኪና የያዙ ሁለት ሦስት ልጆች ከበቡን። ከመካከላቸው ዕድሜው ከዐሥር የማይበልጥ አንዱ፤ ጋሼ እያለ፤ ሣጥኑ ተከፍቶ መኪናው እንዲሠራ ይለምን ጀመር። ወዳጃችን ግን እምቢ አለ፤ ያልተከፈተ ሣጥን ዋጋው ከተከፈተው ይበልጣልና። ለልጁ ይህ ምክንያት አልገባውም። ሳይሠራ የሚቀመጥ መኪና ምን ይረባል በሚል ዓይን ጥቂት ካየን በኋላ፤ ቁጭ ብሎ የራሱን የሽቦ መኪና ፈታው፤ በዚያው ሽቦ የጭነት መኪና ሊሠራበት አስቦ ነበርና።

አንዱ ያኖራል እንጂ አይሠራም፤ ሌላው ይሠራል እንጂ አያኖርም። በሁለቱ መካከል ቆመን ሳለን ትዝ ያለን፤ መጫወቻ መኪናን ከተበታተነ ክፍል አስገጥሞ ለዓለም ሕፃናት የሰጠው የሊቨርፑሉ ሒሳብ ጸሓፊ ፍራንክ ሆርንቢ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ሕይወት ለአንባብያን ባጭሩ ለመተረክ እንወዳለን። ዓመታቱ፤ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ትምህርት የጠላ ልጅ

ፍራንክ ሆርንቢ በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ በ1863 በግንቦት ወር ተወለደ። ይህም በእኛ አቆጣጠር 1855 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በስሜን በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ ስምንት ዓመት ሆኗቸው ነበር ማለት ነው። አባቱ የምግብ ሸቀጥ ነጋዴ ነበር። ሊቨርፑል በዚያን ዘመን ከዓለም ታላላቅ ወደቦች አንዷ ነበረችና፤ ልጁ ያደገው መርከብ፣ የዕቃ ማንሻ ክሬንና የባቡር ሐዲድ በሞላበት ከተማ ነው።

ሆርንቢ ትምህርት ቤት አይወድም ነበር፤ ከክፍል እየቀረ የሚውልበትም ቀን ብዙ ነበር። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ንግድ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆነ። ይሁን እንጂ ንባብ አልጠላም። በልጅነቱ ሳሙኤል ስማይልስ የተባለው ደራሲ በራስ መርዳት ላይ የጻፈውን፤ የፈልሳፊዎችን ድካምና ትዕግሥት የሚተርከውን መጽሐፍ አግኝቶ አነበበ፤ ከዚያም ወዲህ እርሱም አንድ ነገር ለመፍጠር ልቡ ተነሣሣ። መጀመሪያ የሞከረው አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ ያለ ምንም ኃይል ለዘለዓለም የሚሽከረከር መኪና ለመሥራት ነበር። ይህ ከተፈጥሮ ሕግ ውጪ ስለ ሆነ ሊሳካለት አልቻለም፤ ነገር ግን በዚያ ከንቱ ድካም ብረት መቁረጥንና መብሳትን እጁ ለመደ።

በ1887 ክላራ ጎድፍሮይ የተባለች አስተማሪ አገባ። ሮላንድና ዳግላስ የተባሉ ሁለት ወንዶች ልጆችና ፓትሪሺያ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በ1899 አባቱ ሲሞት ንግድ ቤቱ ተዘጋ፤ ሆርንቢም ዴቪድ ኤሊዮት ለተባለ ሥጋ ከውጭ አገር አስመጪ ነጋዴ ሒሳብ ጸሓፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ዕድሜው ወደ አርባ እየተጠጋ፤ ሚስትና ልጆች ያሉት፤ ከደመወዙ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ሰው ነበር። አንድ ሰው ታላቅ ነገር ይሠራል ተብሎ የሚጠበቅበት ሰዓት ይህ አልነበረም።

ቀዳዳ ያለው የብረት ቁራጭ

ሆርንቢ ማታ ማታ ከሥራው ሲመለስ በቤቱ ባለች ትንሽ የእጅ ሥራ ክፍል ለሁለቱ ወንዶች ልጆቹ መጫወቻ ይሠራላቸው ነበር። ከላሜራ እየቆረጠ ድልድይ፣ ጋሪና ክሬን ሠራላቸው። ችግሩ ግን እንዲህ ነበር፤ ለክሬኑ የተቆረጠው ብረት ለክሬኑ ብቻ ይሆናል፤ ልጆቹ ክሬኑን ሲሰለቹትና ድልድይ ሲፈልጉ አባትየው ሁሉንም ነገር እንደ ገና ከመጀመሪያው መቁረጥ አለበት።

እርሱ ራሱ በኋላ እንደ ተረከው፤ መፍትሔው የታየው በባቡር ተሳፍሮ ሲሄድ ስለዚሁ ክሬን ሲያሰላስል ነው። ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ወርድ ቢኖራቸው፤ ቀዳዳዎቻቸውም በእኩል ርቀት ቢበሱ፤ ማናቸውም ክፍል ከማናቸውም ጋር በብሎንና በዳዶ ሊገጠም ይችላል። ዛሬ ክሬን የነበረው ነገ ይፈታና ድልድይ ይሆናል፤ ከነገ ወዲያ ደግሞ ጋሪ። ሆርንቢ የቁራጩን ወርድ ግማሽ ኢንች፤ ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለውንም ርቀት ግማሽ ኢንች አደረገው፤ ይህም 12.7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያ ቁራጮቹን ብቻ ሳይሆን ብሎኑንና ዳዶውን ሳይቀር በእጁ ይሠራ ነበር።

አንባብያን ልብ ቢሉት፤ ይህ ሐሳብ በዳባት ያየነው ልጅ ከሚሠራው ብዙ የራቀ አይደለም። ያም ልጅ ሽቦውን ይፈታዋል፤ መልሶ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ልዩነቱ ሆርንቢ የልጆቹን ጨዋታ ልክና ቁጥር ሰጠው፤ ቀጥሎም ወረቀት ላይ አስመዘገበው።

የአምስት ፓውንድ ብድር

ለፈጠራው የባለቤትነት መብት ለማስመዝገብ ገንዘብ አስፈለገ፤ ሆርንቢ ግን አልነበረውም። ከአሠሪው ከኤሊዮት 5 ፓውንድ ተበድሮ በ1901 በጥር ወር አስመዘገበ። ኤሊዮት ገንዘቡን ማበደር ብቻ ሳይሆን፤ ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ የነበረ ባዶ ክፍል ሰጠው፤ በሥራውም ሸሪክ ሆነው። ሆርንቢ ቀን የሥጋ ነጋዴውን ሒሳብ እየጻፈ፤ በተረፈው ጊዜ የራሱን ሥራ ያደራጅ ጀመር።

በ1902 መጫወቻው ለገበያ ቀረበ። ስሙም መካኒክነትን ቀላል የሚያደርግ የሚል ትርጉም ነበረው። በሣጥኑ ውስጥ 16 ዓይነት ክፍሎችና 12 ነገሮች እንዴት እንደሚሠሩ የሚያስረዳ ወረቀት ነበረበት። ነጋዴዎች ግን ፊታቸውን አዞሩበት። ዋጋው 7 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ ስለ ነበረ ለመጫወቻ ተወደደ፤ የክፍሎቹም አሠራር በመጀመሪያ ሻካራ ነበር። ሆርንቢ በሊቨርፑል የምህንድስና ትምህርት ኃላፊ ወደ ነበረው ወደ ፕሮፌሰር ሄንሪ ሄል ሾው ሄዶ አሳየው፤ ፕሮፌሰሩም መጫወቻው ለወጣቶች የምህንድስናን መሠረት እንደሚያስተምር መስክሮ ደብዳቤ ጻፈለት። ትምህርት ቤት የጠላው ልጅ ባደገ ጊዜ በፕሮፌሰር ምስክርነት ገበያ ሲያገኝ ማየት የሚያስገርም ነው።

ይህም ሆኖ በ1903 የተሸጠው 1,500 ሣጥን ያህል ብቻ ነበር፤ ትርፍም አልተገኘበትም። ትንሽ ትርፍ የታየው በ1906 ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ያለ ትርፍ መጽናት ለባለጸጋ ቀላል ሊሆን ይችላል፤ በወር ደመወዝ ለሚያድር የቤተ ሰብ አባት ግን ቀላል አይደለም። በ1907 ሆርንቢ የሒሳብ ጸሓፊነቱን ሥራ ትቶ የራሱን ማምረቻ ከፈተ፤ ለመጫወቻውም መካኖ የሚል ስም አወጣለት። በሚቀጥለው ዓመት መካኖ የተባለው ኩባንያ ሲቋቋም፤ ኤሊዮት ከኩባንያው ላለመግባት ስለ መረጠ ሆርንቢ ብቻውን ባለቤት ሆነ። ያ 5 ፓውንድ ያበደረ ሰው ከኋላው የመጣውን ሀብት ሳይካፈል ቀረ፤ በ1910 የኩባንያው ሽያጭ 12,000 ፓውንድ ደርሶ ነበርና።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በ1912 ልጁ ሮላንድ በፓሪስ የኩባንያውን ቅርንጫፍ አቋቋመ። በ1914 በሊቨርፑል ቢንስ ሮድ በተባለው ጎዳና ታላቁ ፋብሪካ ተከፈተ። በ1916 የመካኖ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ ይህም ከስድሳ ዓመት በላይ የኖረ ሆነ። በ1920 ደግሞ በስሙ የተጠሩት የሆርንቢ መጫወቻ ባቡሮች ወጡ። አንድ ጉድለት ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም፤ መጽሔቱና ማስታወቂያዎቹ የሚያነጋግሩት ወንዶች ልጆችን ብቻ ነበር። ብሎን ማጥበቅ የወደደች ሴት ልጅ በዚያ ገጽ ላይ ስፍራ አልነበራትም።

ትናንሾቹ መኪናዎች

ባቡሩ ሐዲድ ፈለገ፤ ሐዲዱ ጣቢያ ፈለገ፤ ጣቢያውም በሩ ላይ የሚቆም ሰውና መኪና ፈለገ። በዚህ ምክንያት በ1933 መጨረሻ ገደማ የሆርንቢ ፋብሪካ ለባቡሩ ማጀቢያ እንዲሆኑ ስድስት ትናንሽ ተሽከርካሪዎችን ባንድ ሣጥን አወጣ፤ ከእነርሱም ውስጥ የስፖርት መኪና፣ የጭነት መኪና፣ ትራክተርና ታንክ ይገኙ ነበር። በ1934 ዲንኪ ቶይስ የሚል ስም ተሰጣቸው። ዲንኪ ማለት ትንሽና ሸጋ እንደ ማለት ነው። ብዙም ሳይቆይ ማጀቢያው ከባቡሩ ይልቅ ተፈላጊ ሆነ። በኋላ ብዙዎቹ ከ43 አንድ በሚጠጋ ልክ ስለ ተሠሩ፤ መካከለኛ መኪና ከ9 ሳንቲ ሜትር ጥቂት በልጦ ከልጅ መዳፍ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ለዛሬው ነገራችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሌላው ሥራው ነው። በእነዚያው በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት መካኖ ለመኪና ብቻ የተዘጋጀ መገጣጠሚያ ሣጥን አወጣ። በውስጡ ሻንሲ፣ መከለያዎች፣ ጎማዎች፣ የተለያየ ቅርጽ ያላቸው የአካል ክፍሎችና በቁልፍ የሚጠመዘዝ ሞተር ነበሩበት። ልጁ እንደ ፈቃዱ አንድ ጊዜ ክፍት የስፖርት መኪና፤ ሌላ ጊዜ ጣራ ያለው የቤት መኪና ይገጥም ነበር። ወዳጃችን በሻንጣው የያዘው ፕላስቲክ ሣጥን፤ አንባብያን እንደሚገምቱት፤ የዚህ የብረት ሣጥን የልጅ ልጅ ነው።

ሆርንቢ በ1931 ኤቨርተን የተባለውን የሊቨርፑል ክፍል ወክሎ የእንግሊዝ ፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1935 ከምክር ቤቱ ወጣ። በሚቀጥለው ዓመት በመስከረም 21 ቀን 1936 በሰባ ሦስት ዓመቱ በሊቨርፑል አረፈ። የልብ ሕመምና የስኳር በሽታ ነበረበት። ኩባንያውን ልጁ ሮላንድ ተረከበ።

ያ ዓመት ለእኛ አገር ምን ዓመት እንደ ነበረ ማንም አይዘነጋውም። ሆርንቢ ከመሞቱ ከጥቂት ወራት በፊት፤ በሚያዝያ 1 ቀን 1936፤ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር በመኪና ተጭኖ ጐንደር ገባ። ከዚያም ወራሪው ከአሥመራ በአዲ አርቃይና በወልቀፊት ገደል በኩል ደባርቅንና ዳባትን አልፎ ጐንደር የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ቈረጠ። በመስከረም ወር 1941 አርበኞች ከከበቡት ጦር ጋር ሆነው ያስጨነቁት የወልቀፊት የኢጣልያ ጦር እጁን ሰጠ፤ መንገዱ ግን ቀረ። መኪና ለስሜን ግርጌ ልጆች በቅርብ የታየው በጦርነት መልክ መሆኑ ያሳዝናል፤ ሆኖም ልጆች ከማናቸውም ክፉ ነገር ውስጥ ጨዋታ ማውጣት ያውቃሉ።

ከሞቱ በኋላ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፕላስቲክ የብረትን ቦታ ያዘ። በአሜሪካ ሬቬል የተባለው ፋብሪካ በ1951 ፎርድ ሞዴል ቲን የመሳሰሉ ጥንታዊ መኪናዎችን በፕላስቲክ መገጣጠሚያ አወጣ። ኤኤምቲ የተባለው ደግሞ በ1958 ከአንድ ሣጥን በሦስት ዓይነት መልክ ሊሠራ የሚችል፤ ከ25 አንድ ልክ ያለው መገጣጠሚያ አቀረበ። በእንግሊዝ ኤርፊክስ የጥንቶቹን መኪናዎች ተከታታይ አወጣ። የሆርንቢ ኩባንያ ራሱ በ1964 ለሌላ መጫወቻ ሠሪ ተሸጠ፤ የቢንስ ሮድም ፋብሪካ በ1979 ተዘጋ።

ፋብሪካዎቹ ሲዘጉና ምርቱ ሲቋረጥ ሰብሳቢዎች በዙ። በሰብሳቢ ዘንድ የአንድ መገጣጠሚያ ዋጋ የሚታወቀው በብዙ ነገር ነው። ሣጥኑ ክዳኑ ሳይላላና ቀለሙ ሳይደበዝዝ መገኘቱ፤ ክፍሎቹ ከዘንጋቸው አለመቆረጣቸው፤ የመመሪያው ወረቀት አለመጥፋቱ፤ በመኪናው ላይ የሚለጠፉት የቁጥርና የምልክት ወረቀቶች አለመበጫቸው፤ ይህ ሁሉ ይመረመራል። ፕላስቲኩም ሙቀት ያጣምመዋል፤ ፀሐይ ያበጫዋል። ብረቱም ቢሆን ከጊዜ አያመልጥም። ከጦርነቱ በፊት የተሠሩት ብዙዎቹ የዲንኪ መኪናዎች የፈሰሱት ከዚንክ ቅይጥ ነበር፤ በቅይጡ ውስጥ ጥቂት እርሳስ የተቀላቀለባቸው እንደ ሆነ፤ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ እየተሰነጠቁ ይፈራርሳሉ። ለዚህ በሽታ መድኃኒት የለውም፤ ስለዚህ ደኅና ሆኖ የቀረው ሁሉ ውድ ነው።

እንግዲህ ነገሩን ስናመዛዝነው አንድ እንቆቅልሽ ይገጥመናል። ሆርንቢ ዕድሜውን ያፈሰሰው ልጆች በእጃቸው ገጥመው፣ ፈትተው፣ መልሰው እንዲገጥሙ ነው። ዛሬ ግን ከመገጣጠሚያዎች ሁሉ የሚወደደው ማንም ያልገጠመው ነው። የልጅ እጅ ያልነካው ሣጥን ከነካው ይበልጣል። ሰብሳቢዎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ የሆርንቢ ሥራ ምን ይመስል እንደ ነበረ ዛሬ በዓይን ማየት ባልተቻለ። ነገር ግን የመጫወቻ ትርጉሙ በመሥራት ላይ እንጂ በመቀመጥ ላይ ብቻ አለመሆኑን የሆርንቢ ሕይወት ይመሰክራል።

በእኛ በኩል ያለው ጉድለት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው። የዳባትና የደባርቅ ልጆች መሥራቱን አላጡትም፤ ማኖሩን ያጣነው እኛ ታላላቆቹ ነን። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ ዳር የተነዳ የሽቦ መኪና ምን ዓይነት ጎማ፣ ምን ዓይነት መሪ እንደ ነበረው የሚያሳየን ማን ነው? ሽቦው ተፈትቶ አጥር ታስሮበታል፤ ነጠላ ጫማው ተጥሏል፤ የሠራውም ልጅ አድጎ ረስቶታል። አንድ የትምህርት ቤት አስተማሪ በየዓመቱ ከተማሪዎቹ ሥራ አንዲቱን መኪና ብቻ መርጦ፤ የሠሪውን ስምና ዓመቱን ጽፎ በመደርደሪያ ቢያስቀምጥ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በስሜን ግርጌ የመኪና ታሪክ የሚነበብበት ስብስብ ይኖረዋል። ለዚህ 5 ፓውንድ እንኳ መበደር አያስፈልግም።

ከደባርቅ ስንመለስ በዳባት ቆመን ያን ልጅ ፈለግነው። የጭነት መኪናው አልቆ ነበር፤ ከኋላው የሚከፈት በር እንኳ አድርጎለታል። ወዳጃችን ልጁ የጠራውን ዋጋ ሳይከራከር ከፍሎ መኪናውን ተቀበለው፤ የልጁን ስም፣ ዳባትና ዓመቱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከሽቦው ጋር አሰረው፤ በሻንጣውም ከሮልስ ሮይሱ ሣጥን አጠገብ አኖረው። ልጁ ገንዘቡን ይዞ ሌላ ሽቦ ፍለጋ ሮጠ። ሣጥኑ ግን እስካሁን አልተከፈተም።